ሰባተኛው ጥቅል

ድስቱ ግሏል። እንቁላሉ ተመትቷል። ድስቱ ፊት የቆመችው ሴት ግን አንድ እጇን ዱቄት ውስጥ እንደከተተች ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክላ ቀርታለች።

«ኧረ አምስት ደቂቃ! ዱቄቱን ልታቦኪው ነው ወይስ ሰላም ልትይው?» አሉ እትዬ ካውያ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ማዶ።

አምስት ደቂቃ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሆስፒታሉ ያወጣላት ነው። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ አንሶላና ነጭ ጋውን ማጠብ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ነርሶቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እግራቸው አብጦ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ ታያቸዋለች። «ቤት ገብታችሁ ደረቅ ዳቦ በሻይ ብቻ አትብሉ፤ እኔ የማሳያችሁ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅባችሁ» ትላቸዋለች። ኦቨን ለሌላት ኬክን በወፍራም ድስት መጋገር አሳየች። ጊዜ ለሌላት ድንች፣ ሽንኩርትና ካሮት በአንድ መጥበሻ ደርድራ፣ ክዳን ገጥማ፣ ልብስ እስኪለወጥ ድረስ የሚደርስ እራት አሳየች። «አምስት ያልሽው አርባ ሆነብኝ!» ብለው ሲከሷት፣ «አምስቱ የእጅሽ ነው፤ የቀረውን እሳቱ ይሠራልሻል፣ አንቺ እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ» ነው መልሷ።

የዛሬው ኬክ ግን ለደከማት ነርስ አይደለም፤ ለፋርማሲስቱ ነው። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ላይ በሠራተኞች ሻይ ክፍል ይሸኙታል። ኬኩን ከአምስት ደቂቃ በቀር ማን ይጋግረዋል? ሲነግሯት «እሺ» አለች። የገዛ ልቧን መሸኛ ጋግሪ ስትባል ሴት ልጅ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

ነገሩ የጀመረው ከስምንት ወር በፊት፣ በአንድ ማንኪያ ነው።

ያን ቀን ፋርማሲስቱ የደረቀ ሊጥ ጋውኑ ላይ ተለጥፎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ነርሶቹ የሰጡኝን የኬክ አሠራር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ምነው፣ አልጣፈጠም?»

«አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይላል። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ነው የሾርባ? ሞልቶ ነው ተስተካክሎ?»

«እንደ ልብዎ።»

«እንደ ልቤ አድርጌው ነው ምድጃው ላይ የፈሰሰው።»

እትዬ ካውያ ካውያቸውን አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ሲስቅ ኮስታራው ሰውዬ ጠፍቶ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘችው። ዓይኗን ቶሎ ወደ አንሶላው መለሰች፤ ግን አይታዋለች፣ አይቷታል፣ አለቀ።

በሚቀጥለው ሰኞ ለእጥበት የመጣው ጋውኑ ኪስ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ጥቅሎች አገኘች። እያንዳንዳቸው ስምንት ግራም ቤኪንግ ፓውደር፣ ለአንድ ኬክ ልክ። የዱቄት መድኃኒት በሚጠቀለልበት አጣጠፍ የታጠፉ ናቸው፦ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ጫፍ በሌላው ጉያ የተሸጎጠ፣ ማጣበቂያ የማይሻ። አብረዋቸው ማተሚያ ቤት ያበላሻቸው አንድ እስር የኪኒን ፖስታዎች አሉ፤ ላያቸው ላይ «ስም»፣ «አወሳሰድ»፣ «በቀን»፣ «ለስንት ቀን» የሚል ጠማማ ሆኖ ታትሞባቸዋል። «አሠራርሽን በዚህ ላይ ጻፊው፤ ቢያንስ መጠን የሚሞላበት ቦታ አለው» ይላል ማስታወሻው። እሷም ጻፈች። ዓርብ ጋውኑ ታጥቦና ተተኩሶ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ አንድ ፖስታ ነበረ። ስም፦ የሎሚ ኬክ። አወሳሰድ፦ ትኩሱን፣ ሳትስገበገብ። በቀን፦ እንዳገኘህ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ስድስት ጥቅል ይመጣል፣ ዓርብ አንድ ፖስታ ይሄዳል። ጥቅሎቹን ለነርሶች ታድላለች፤ ማስታወሻዎቹን ለማንም አታድልም። እሷ «ሚዛን» የሚል ቅጽል ስም አወጣችለት፤ እሱ ነገረኛ እያለ በማስታወሻ ይሰድባታል። እሷ ግራምን ትሰድባለች። አንድ ሰኞ ግን ማስታወሻው ቀልድ አልነበረውም። «አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ማታ ሥራ ውላ ትገባና ማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ቆማ ትበላለች። ለእሷ የሚሆን ነገር ጻፊልኝ።» አምስት ደቂቃ ያን ፖስታ ስትጽፍ ጊዜ ወሰደች። «ያደረ ዳቦ ቆራርሰሽ፣ በእንቁላልና በወተት አርሰሽ፣ ትንሽ ሽንኩርትና አይብ በትነሽ፣ ክዳን ገጥመሽ ለሩብ ሰዓት ጣጂው።» አወሳሰድ የሚለው ላይ፦ «ተቀምጠሽ ብዪ፣ እህቴ።» ለስንት ቀን የሚለው ላይ፦ «ድካምሽ እስኪወጣ።» ሴትየዋ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም።

ይህ ሁሉ ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ ረቡዕ ቆመ።

ያን ረቡዕ ሜትሮኗ ራሳቸው ልብስ ማጠቢያ ወረዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነርሶችን ያዘዙ፣ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው ያያቸው ሰው የሌለ፣ የደረት ኪሳቸውን ሰማያዊ ብዕር ለማንም አውሰው የማያውቁ ሴት ናቸው። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ወይም ቀኑ ያልተሞላ ፖስታ ካዩ ዋናውን ሐኪምም ቢሆን አይምሩም። የፋርማሲስቱም እናት ናቸው።

«ልጄ ትልቅ ቦታ ሊሄድ ነው። ነግሮሻል?» አሏት።

አምስት ደቂቃ የጨመቀችው አንሶላ እጇ ላይ ቀረ። «አልነገረኝም፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው ነገራችሁ የሚነገር አልነበረም ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደለሽም፤ አንሶላሽ ንጹሕ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ያሳደግኩት ልጅ ነው። ለእሱ ያሰብኩት ሌላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጋውን ኪስ ውስጥ ምንም ነገር አይግባ። ለንጽሕናም ጥሩ አይደለም።»

«እሺ፣ ሲስተር።»

ለእናቱ ነገረ፤ ለእኔ አልነገረም። ይህቺን እያመላለሰች ሁለት ሌሊት አደረች። ዓርብ ጋውኑን አጥባ፣ እንደ ሁልጊዜው አሳምራ አጣጥፋ፣ ኪሱን ባዶ አድርጋ ላከች። በሚቀጥለው ሰኞ የእሱም ኪስ ባዶ ሆኖ መጣ። በኮሪደር ሲተላለፉ አንገቱን ደፋ፣ እሷም ደፋች። አንድ ኪሎ ሊጥ ደረቷ ላይ የተቀመጠ መሰላት፤ የማይነሳ፣ የማይጋገር።

እና አሁን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቆማ ሰዓቱን ታያለች።

«ይሄ ኬክ በአርባ ደቂቃ ይደርሳል፣ አይደል?» አሉ እትዬ ካውያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማልቀስ ካለብሽ እሳቱ ላይ ከጣድሽው በኋላ አልቅሺ። ጨው አይጨመርበትም።»

ሳቀች፣ ሳትወድ። ሁለት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ዘይት፣ ግማሽ ወተት፣ የሎሚ ልጣጭ። የቀረው ቤኪንግ ፓውደሩ ብቻ ነው። የቆርቆሮዋን ክዳን ከፈተች። ታችኛው ጥግ ላይ አንድ ጥቅል ብቻ ቀርታለች። ከዚያ ረቡዕ በኋላ እሷ አልጋገረችም፤ ሌሎቹን ነርሶቹ ሲመጡ እጇን እየከተተች አድላቸዋለች። እጇ ይህችን እንዴት እንደሳተ የላይኛው ያውቃል።

የተሸጎጠውን ጫፍ በአውራ ጣቷ አወጣች። ዱቄቱ ላይ ልትደፋው አዘነበለችው።

ምንም አልወረደም።

አራገፈችው። ምንም። ወረቀቱ ግን አንድ ጊዜ ተከፍቶ አላለቀም፤ ውስጡ ሌላ እጥፋት አለ፣ እሱም ውስጥ ሌላ። ውስጡ በጥቃቅን፣ በቀጥተኛ፣ መስመር በማይስት ጽሑፍ ተሞልቷል። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም።

* * *

«ይህን አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ፤ አምስተኛው ነው» ይላል ደብዳቤው። «ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ለፋርማሲው ኃላፊነት ፈልጎኛል። ጥሪው ቤት ሲደርስ የተቀበለችው እናቴ ስለሆነች ከእኔም ቀድማ አወቀች። ሁለተኛዋ ሰሚ አንቺ እንድትሆኚ ለማንም አልተናገርኩም።

መሄድ አልፈልግም። የማልፈልግበትን ምክንያት ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለት ጊዜ በራችሁ ድረስ መጥቼ፣ እትዬ ካውያ ሲያዩኝ ጋውን ፈልጌ የመጣሁ መስዬ ተመልሻለሁ። እወድሻለሁ። ስንት ነው እንዳትዪኝ። የሻይ ማንኪያ አይደለም፣ የሾርባም አይደለም። ሞልቶ ነው፣ ተትረፍርፎ፣ ምድጃው ላይ ፈስሶ።

ዓርብ ጋውኔን ስትልኪልኝ ኪሱ ውስጥ የሆነ ነገር አድርጊልኝ። ባዶ ፖስታም ይበቃኛል፤ እቀራለሁ። ኪሱ ባዶ ከሆነ ግን መልስሽ ገብቶኛል ማለት ነው። ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ቀኑ ሰኞ ነው። ያ ሰኞ። ሜትሮኗ ከመውረዳቸው ሁለት ቀን በፊት።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ካውያ ካውያውን የሐኪም እጅጌ ላይ ረስተው ሮጡ።

«ምንድን ነው? ተቃጠልሽ?»

«ነግሮኝ ነበር! ነግሮኝ ነበር እኮ! ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩት!»

«ማንን?»

«ደብዳቤውን! እንደ ቤኪንግ ፓውደር አጣጥፎ… ከስድስቱ ጋር… እኔ ደግሞ እጄ እርጥብ ነበር፣ ሳላይ ሁሉንም አንድ ላይ ዘርግፌ…» ቃላቱ እርስ በርስ ተጋጩባት። «ኪሱን ባዶ አድርጌ ላክሁበት፣ እትዬ! በገዛ እጄ አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ‹ሂድ› አልኩት!»

እትዬ ካውያ ደብዳቤውን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት፤ ያለ መነጽር ማንበብ አይችሉም፣ ግን የያዙት ለማንበብ አልነበረም። በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ተመስገን» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። ከዚያ አፈጠጡባት። «እና ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ!»

መሮጥ ፈለገች። እስከ ፋርማሲው ድረስ፣ በዱቄት እጇ፣ በሽርጧ። የፋርማሲው በር ድረስም ሄደች። ግን ፋርማሲው መስኮት ፊት ሰልፍ አለ። ልጅ የታቀፈች እናት፣ ክንዱ በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ፣ እስከ መግቢያው ድረስ። በመስታወቱ ማዶ አንገቱን ደፍቶ፣ ጣቶቹ ኪኒን ሲቆጥሩ አየችው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ለዚህ ሁሉ ሰው በትክክል ሊቆጥር ተደፍቷል። አሁን ብጠራው ቁጥሩ ይጠፋዋል፤ የታመመ ሰው መድኃኒት ነው አለች። ተመለሰች። መመለሷ ከመሮጥ ይልቅ ከበዳት።

«ሽኝቱ ላይ» አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ኬኩን ይዤ። እዚያ።»

«ቤኪንግ ፓውደርስ?»

«የለም።»

«አይነሳማ።»

«አይነሳ!» አለችና ሊጡን ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ገጠመች፣ እሳቱን ዝቅ አደረገች። በዕድሜዋ ቤኪንግ ፓውደር የሌለበት ኬክ ጥዳ አታውቅም፤ በዕድሜዋ እንዲህ ደስ ብሏት የጣደችውም የለም። ከዚያ ከእስሩ ውስጥ አንድ የኪኒን ፖስታ መዘዘች። ፊደሎቿ እንደ ሁልጊዜው ጎብጠው ይሮጣሉ። ስም። አወሳሰድ። በቀን። ፖስታው ላይ ያልታተመ «መልስ» የሚል መስመርም ከራሷ ጨመረች። «ለስንት ቀን» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

ሻንጣውን ያሰረ ሰው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ የተባለ መስሎት የከረመ ሰው ነው። አሁንም ይፈልጋታል? ይህን መስመር ብቻዋን መሙላት ድፍረት መሰላት። ባዶውን ተወችው። ፖስታውን ደረቷ ውስጥ ስትከተው ወረቀቱ ከልቧ ጋር አብሮ የሚመታ መሰላት።

* * *

የሠራተኞች ሻይ ክፍል ጢም ብሏል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ እሷ ያጠበችው፣ እትዬ ካውያ የተኮሱት፣ አንዲት ሽብሽብ የሌለው። ፋርማሲስቱ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣው በሩ አጠገብ ነው። እናቱ ከኋላው ቆመዋል። ሁሉም ወንበር ይዞላቸው ነበር፤ አልተቀመጡም።

አምስት ደቂቃ ትሪውን ይዛ ስትገባ ጭብጨባው ሊጀመር ብሎ መሃል ላይ ሞተ።

«ይሄ ኬክ ነው ወይስ የድስቱ ክዳን?» አለ የአምቡላንስ ሹፌሩ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቀች። ትሪውን ፋርማሲስቱ ፊት አስቀመጠችው። ኬኩ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ወርቃማ፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት፣ ፈጽሞ ያልተነሳ።

ቀና አለ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የእሱ ዓይን ደንገጥ ብሎ ሊሸሽ ነበር፤ የእሷን ሲያየው ግን መሸሻ አጣ።

«ቤኪንግ ፓውደር የለበትም» አለች።

«ስድስት ጥቅል ነበረሽ» አለ በዝግታ።

«ስድስቱ አለቁ። ሰባተኛውን ስከፍተው ግን ዱቄት አልነበረም።»

ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። «መቼ… መቼ ከፈትሽው?»

«ዛሬ። አራት ተኩል ላይ። ለሽኝትህ ልጋግር ስል።»

«ዛሬ?» ከወንበሩ ተነሳ፣ ወንበሩ ከኋላው ወደቀ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አላየሽውም?»

«ቆርቆሮ ውስጥ ነበር!»

«ሰባት መሆኑንስ አልቆጠርሽም? ሁልጊዜ ስድስት ነው እኮ የምልከው!»

«እኔ መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ! አንተ ነህ ቆጣሪው! አንተስ ላዩ ላይ ምን ብለህ ጻፍክበት?»

ዓይኑን ኬኩ ላይ ጣለ።

«ምን ጻፍክበት?» አሉ ሜትሮኗ ከኋላው።

«ምንም፣ እማዬ።»

«ፋርማሲስት ሆነህ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጥቅል ከእጅህ አወጣህ?»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር…»

«ለሕመምተኛ እንዲህ ብለህ ትመልሳለህ? ‹እጄ ተንቀጥቅጦ ነው›?» ሠላሳ ዓመት የተቆጡበት ድምፅ ነው፤ ነርሶቹ ሁሉ ሳያስቡት ወገባቸውን ቀጥ አደረጉ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጥፋቱ ያንተ ነው። ለመሆኑ ምን ነበረበት?»

«ኧረ ሲስተር!» አሉ እትዬ ካውያ፣ ሠላሳ ዓመት አብረው በሠሩበት ድፍረት። «እሱንም ልትጠይቂ ነው? የልጅሽን ጆሮ አታይም፣ ቲማቲም መስሎ!»

በሳቁ መሃል አምስት ደቂቃ ፖስታውን አውጥታ ዘረጋችለት። ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ነው። ሳይደርስበት ግን የእናቱ እጅ ቀደመው። ክፋት አልነበረም፤ ልማድ ነው። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የኪኒን ፖስታ ከእሳቸው ዓይን ሳያልፍ ሰው እጅ አይገባም።

መነጽራቸውን አደረጉ። ለረጅም ጊዜ አነበቡ፤ አራት አጫጭር መስመር ለማንበብ ከሚፈጀው በላይ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለች። ድምፅዋ ቢቀጥንም አልተሰበረም። «ኪሱ ውስጥ አላስገባሁትም። አታስገቢ ስላሉኝ በእጄ ይዤው መጣሁ።»

ሜትሮኗ ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም። ጎባጣዎቹን፣ የሚሮጡትን ፊደሎች በጣታቸው ይከተላሉ። «ይሄ ‹ተ› …» አሉ። «ይሄ ጽሑፍ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው። ሦስት ወር ሆነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንድ ሰው ጻፈልኝ ብለህ የለጠፍክልኝ። ያደረ ዳቦ በእንቁላል።»

«እሷ ናት፣ እማዬ።»

«ተቀምጠሽ ብዪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ ቆማ የምትበላው ሴት። ሥራ ውላ የምትገባው። እህቴ ብላ የጻፈችላት። «ለእርስዎ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች አምስት ደቂቃ። «ይቅርታ፣ ሲስተር። እህቴ ብዬ…»

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ ማንም ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም» አሉ ሜትሮኗ። የተናገሩት ለእሷ ብቻ ነበር፤ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማ። «ማታ ማታ እገባና ያቺን ፖስታ አነባለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እኔ! ለወረቀት ስታዘዝ!»

ከዚያ የወደቀውን የልጃቸውን ወንበር በእጃቸው አነሱ፣ ወደ ጠረጴዛው ሳቡት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተቀመጡ። የአምቡላንስ ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው እሱም አያውቅም።

«ቁረሺልኝ» አሏት።

ቆረሰችላቸው። ያልተነሳውን፣ ጠፍጣፋውን ኬክ አኘኩ፣ በእርጋታ። ሁሉም አፋቸውን ያያል።

«ደረቅ ነው» አሉ። ዓይናቸው ግን ውሃ ሞልቷል። «ሎሚው ጥሩ ነው። ያን ረቡዕ በአፌ ያልኩሽ ሁሉ ደረቅ ነበር፤ ይሄን ማን ይወቅሰዋል?» ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በዱቄት የነጣውን እጇን ያዙ። «ልጄ፣ አጠፋሁብሽ።»

ልጄ አሏት። አምስት ደቂቃ ከንፈሯን ነከሰች፤ ካልነከሰችው እትዬ ካውያ የከለከሏት ጨው ኬኩ ላይ ሊወርድ ነው።

«አሁን ወደ ሥራችን» አሉ ሜትሮኗ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። ፖስታውን ከፍ አድርገው እንደ ዘወትሩ ጮክ ብለው አነበቡ። «ስም፦ ሚዛን። አወሳሰድ፦ ሞልቶ፣ ተትረፍርፎ፣ ምድጃው ላይ ፈስሶ። በቀን፦ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። መልስ፦ አዎ።» ነርሶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። «ለስንት ቀን፦…» ቆሙ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «ባዶ ነው። ቀኑ ያልተሞላ ፖስታ ከዚህ ሆስፒታል አይወጣም። ይሄን የማያውቅ አለ?»

«የለም፣ ሲስተር!» አሉ ነርሶቹ በአንድ ድምፅ።

ሰማያዊዋን ብዕር ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ለዋናው ሐኪምም አውሰዋት የማያውቋት ብዕር ነች። ለልጃቸው ዘረጉለት።

ተቀበለ። ፖስታውን ነጩ ጨርቅ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አምስት ደቂቃን አያት፤ እንደዚያ እንደ ማንኪያው ቀን ሳይሆን፣ ኮስታራው ሰውዬ ጨርሶ ከፊቱ ወጥቶ።

«ሻንጣዬን አስሬያለሁ፣ ግን አልፈረምኩም» አላት። «የምፈርመው ነገ እዚያ ስደርስ ነበር።»

«አትፈርም» አለች።

«አልፈርምም።»

«ቁጥር ጻፍ እንጂ፣ ሰው ይጠብቅሃል!» አለ ሹፌሩ።

አንድ ጻፈ። ዜሮ ጨመረ። ትንሽ አሰበና ሌላ ዜሮ ጨመረ።

«ሦስት ወር ብቻ?» አሉ እትዬ ካውያ። «ገና ነው!»

ሌላ ዜሮ። ሌላ። ለእያንዳንዱ ዜሮ ነርሶቹ ይጮኻሉ። ዕድሜውን ሙሉ ከታዘዘው አንዲት ኪኒን አብዝቶ የማያውቀው ሰው እየሳቀ ዜሮ ይደረድራል። መስመሩ አለቀ፤ አላቆመም። የፖስታው ጠርዝ ደረሰ፤ አላቆመም። ሰማያዊው ቀለም ከወረቀቱ ወርዶ ነጩ ጨርቅ ላይ ክብ፣ ክብ፣ ክብ እያለ ቀጠለ።

«የታጠበ ጨርቅ ነው!» ብለው እትዬ ካውያ ራሳቸውን ያዙ።

«እኔ አጥበዋለሁ» አለች አምስት ደቂቃ።

«አንቺ አታጥቢውም» አሉ ሜትሮኗ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ወደ ሳህናቸው እየሳቡ። «ይታጠባል ያለው ማን ነው?»

የግድግዳው ሰዓት ስንት እንዳለ፣ አውቶቡሱ ይቆይ ወይም ይሂድ፣ አምስት ደቂቃ አላየችም። የመጨረሻው ዜሮ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደርሶ እጁ እጇን ሲነካ ሙቀቱ ብቻ ተሰማት። እንዲቸኩል አልፈለገችም።